ሰንጢ የሚበላሸው ማጠፊያው ላይ ነው

ፉሪ፣ ተራራው ግርጌ፣ መንገድ ዳር ቁልፍ እቀርጻለሁ፤ ጃንጥላም እጠግናለሁ። ክረምት ሲገባ በለስ የሚሸጡት፣ ሌላ ጊዜ ሸንኮራ የሚልጡት ልጆች ሰንጢያቸውን ይዘው ይመጣሉ። «ጋሼ፣ ሳልልኝ» ይሉኛል። እኔ ግን ስለቱን ከማየቴ በፊት ማጠፊያውን አያለሁ። ስለት ቢደነዝ በሞረድ ይመለሳል። ማጠፊያው የላላ ሰንጢ ግን ሸንኮራው ጠንከር ሲልበት ወደ ጎን ይሸሽና ጣት ላይ ያርፋል።

ማጠፊያው ውስጥ ያለው ነገር ጥቂት ነው። ስለቱ ግርጌው ላይ ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው ሪቬት ወይም ብሎን ያልፋል። በደህናዎቹ ሰንጢዎች ከግራና ከቀኝ ስስ ሮንዴላ አለ፤ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ የሚያደርገው እሱ ነው። ብሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ስለቱ መሀል ላይ ይታነቃል፤ ሲላላ ይወላገዳል። ልኩን የሚያውቀው እጅ ነው። ሰንጢውን ገልጣችሁ የስለቱን ጀርባ በሁለት ጣት ያዙና ወደ ጎን ግፉት። ካልተነቃነቀ፣ ሲታጠፍም ሳይንገጫገጭ ከሄደ፣ ልኩ እዚያ ነው።

ብሎን ያለውን በካቻቢቴ ጥቂት በጥቂት አዙሩ፤ የአንድ ዙር ስምንተኛ እንኳ ለውጥ ያመጣል። ባዞራችሁ ቁጥር ገልጣችሁ እጠፉ። ሪቬቱን ደግሞ ብረት ላይ አስደግፋችሁ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ነካ ነካ አድርጉት። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ አንዴ ከጠበቀ ማላላቱ አስቸጋሪ ነው። ስለቱ የሚነቃነቀው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ከሆነ ግን ብታጠብቁትም አይድንም፤ ቀዳዳው ሰፍቷል ወይም፣ ሰንጢው መቆለፊያ ካለው፣ መቆለፊያው ተበልቷል።

አልገለጥ ብለው የሚመጡልኝ ሰንጢዎች አብዛኞቹ ቆሽሸው እንጂ ጠብቀው አይደለም። የሸንኮራው ውኃ ማጠፊያው ውስጥ ደርቆ ይጣበቃል፤ የፉሪ አቧራ እሱ ላይ ይለጠፋል። ብሎኑን ከመንካታችሁ በፊት በሞቀ ውኃና በሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። ሰንጢው ምግብ ይቆርጣልና ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። የምግብ ዘይት አታድርጉበት፤ በተለይ የኑግ ዘይት ሲቆይ ስለሚደርቅ ራሱ ሙጫ ይሆናል።

እጀታው እንጨት ከሆነ የክረምቱ እርጥበትም አለ። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ስለቱንም ያንቀዋል። ጆሴፍ ኦፒኔል የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1890 መሥራት የጀመረው የእንጨት እጀታ ሰንጢ ዛሬም ይህ ጠባይ አለበት። የአገሩ ሰዎች የእጀታውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ መታ ያደርጉታል፤ ስለቱ ብቅ ይላል። እኔም የሚጣበቁትን እንዲሁ እከፍታለሁ፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ በዝግታ አደርቃቸዋለሁ። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ሰንጢ ስትገዙ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም፣ ብሎን ያለውን ምረጡ፤ ሲላላ ቤታችሁ ታጠብቁታላችሁ። ሻጩ ፊት ገልጣችሁ ወደ ጎን ሳትገፉት ገንዘብ አትክፈሉ። በለስና ሸንኮራ እንዲሸጡ ልጆች የምታሠማሩም፣ የሚወላገድ ሰንጢ አታስይዟቸው።