የጤፍ ብረት ስንት ነው? አንድን የምግብ ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መመርመር

ጤፍ በብረት ማዕድን የበለጸገ እህል እንደሆነ በመማሪያ መጻሕፍትም በጤና ፕሮግራሞችም ተደጋግሞ ይነገራል። መጠኑ ሲጠየቅ ግን ምንጮቹ አይስማሙም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ መረጃ ቋት ለ100 ግራም ጥሬ ጤፍ 7.6 ሚሊግራም ያህል ብረት ይሰጣል። ከኢትዮጵያ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የወጡ ውጤቶች ደግሞ ከ10 ሚሊግራም አካባቢ ተነስተው ከ150 በላይ ይደርሳሉ። አሥር እጥፍ የሚበልጥ ልዩነት በላቦራቶሪ ስህተት ብቻ አይገለጽም። ለምን እንደተፈጠረ ለማወቅ እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ናሙና፣ በምን ዘዴ እንደተገኘ ወደ ኋላ ተከታትሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትን የሚተካ ቦታ የለም።

ፍለጋው የሚጀመረው ጥያቄውን በማጥበብ ነው። «ጤፍ ለጤና ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ እንዳለ ሊፈለግ አይችልም። ተከፋፍሎ ሲታይ ግን ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች ይወጡታል፦ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት ምን ያህል ነው? ከዚያ ውስጥ ሰውነት የሚወስደው ስንቱን ነው? ጤፍ የሚበላ ሕዝብስ ከደም ማነስ ይጠበቃል? የመጀመሪያው የምግብ ኬሚስትሪ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የሥነ አካል፣ ሦስተኛው የኅብረተሰብ ጤና። የሦስቱ መልስ የሚገኘው በተለያየ መደርደሪያና በተለያየ የመረጃ ቋት ነው።

በመደርደሪያ ላይ የስርዓተ ምግብ መጻሕፍት አንድ ቦታ አለመቀመጣቸው ጀማሪን ያደናግራል። የዲዊ አመዳደብን በሚከተል ቤተ መጻሕፍት አመጋገብና ጤና 613.2 ላይ፣ የምግብ ዓይነቶችና አዘገጃጀታቸው 641 ላይ፣ የምግብ መፈጨት ደግሞ 612.3 ላይ ይገኛሉ። በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍፍሉ በሕንፃም ጭምር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ የሕክምናው ስብስብ በጥቁር አንበሳ፣ የተፈጥሮ ሳይንሱ በአራት ኪሎ፣ የማኅበራዊ ሳይንሱና አጠቃላዩ በስድስት ኪሎው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ነው። ስለዚህ ካታሎጉን ሳያዩ በአንድ መደርደሪያ ብቻ መወሰን የጉዳዩን ግማሽ ያስቀራል።

«ፕሬዘንት ኖውሌጅ ኢን ኒውትሪሽን» እና «ሞደርን ኒውትሪሽን ኢን ኸልዝ ኤንድ ዲዚዝ» የመሳሰሉት ትልልቅ የማጣቀሻ መጻሕፍት በመጀመሪያው ቀን ሊነበቡ ይገባል። አዲስ ግኝት ፍለጋ አይደለም የሚነበቡት፤ መጽሐፍ ተጽፎ እስኪታተም ዓመታት ስለሚያልፉ በዚያ በኩል ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ጥቅማቸው መሠረቱን ማስያዝ ነው። ከሥጋ የሚገኘው ሄም የሚባለው ብረት ከእህልና ከአትክልት ከሚገኘው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም እንደሚገባ፣ በጉበት የሚመረተው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን በአንጀት በኩል የሚያልፈውን ብረት እንደሚቆጣጠር ያላወቀ ሰው፣ በኋላ የሚያገኛቸውን የምርምር ጽሑፎች ቢያነባቸውም አይከተላቸውም።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ዋናው መሣሪያ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1968 በኦግረንና በጊብሰን አዘጋጅነት የወጣ ሲሆን፣ ያሳተመው በስዊድን ድጋፍ ይሠራ የነበረውና በኋላ የኢትዮጵያ ስርዓተ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው የሕፃናት ስርዓተ ምግብ ተቋም ነው። ተከታታይ ክፍሎችም ወጥተዋል። እንዲህ ያሉ ሰነዶች በገበያ አይሸጡም፤ በጥቂት ቅጂ ስለሚታተሙም ከኢንተርኔት ፍለጋ ያመልጣሉ። የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ ከማጣቀሻ ክፍሉ ወይም ከመጋዘኑ ነው፤ ለዚህም የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ መጠየቅ የሰዓታት ድካም ያድናል።

ሠንጠረዥን ማንበብ ቀላል መስሎ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ቁጥሮቹ በአብዛኛው ለ100 ግራም የሚበላ ክፍል የተሰጡ ናቸው። የትኛው 100 ግራም እንደሆነ ግን መታየት አለበት። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላዩ ውሃ ስለሆነ፣ የ100 ግራም እንጀራ ብረት ከ100 ግራም ዱቄት ብረት በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ ይህ ብረት በመጋገር ጠፋ ማለት አይደለም። አንዳንድ ጥናቶች ውሃው ሙሉ በሙሉ ከተነነ በኋላ ባለው ደረቅ ክብደት ያሰላሉ። ሌሎች ለኪሎግራም ያስቀምጣሉ፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው ቁጥሩን አሥር እጥፍ አግዝፎ ይገለብጠዋል። ፕሮቲንም ቢሆን በቀጥታ አይለካም። ናይትሮጅን ተለክቶ በአንድ ማባዣ፣ ብዙ ጊዜ በ6.25፣ ስለሚባዛ የተለያየ ማባዣ የተጠቀሙ ሁለት ሠንጠረዦች ስለ አንድ እህል የተለያየ ነገር ይናገራሉ።

ሠንጠረዡ ቁጥር ይሰጣል እንጂ ምክንያት አይሰጥም። ምክንያት የሚገኘው በጆርናሎች ነው። ጤናን በሚመለከት ፐብሜድ ለማንም ክፍት የሆነ ቋት ነው፤ ጽሑፎችን ይዘረዝራል፣ የብዙዎቹንም አጭር ማጠቃለያ ያሳያል። ሙሉው ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ ክፍያ ይጠይቃል። ለዚህ ችግር የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪን ከፍቷል፤ በቀጣዩ ዓመት የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለግብርናና ለምግብ ሳይንስ አጎራን ጀምሯል። ኢትዮጵያን በመሳሰሉ አገሮች ያሉ የተመዘገቡ ተቋማት በእነዚህ በኩል በሺህ የሚቆጠሩ ጆርናሎችን ያገኛሉ። የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃሉ ያለው በቤተ መጻሕፍቱ ነው። በየዓመቱ ስንት ተማሪ ይህን ሳያውቅ ከአጭር ማጠቃለያው ብቻ ጠቅሶ እንደሚመረቅ ማሰብ ያሳዝናል፤ የናሙናው አያያዝም ሆነ የጥናቱ ጉድለት በማጠቃለያው ውስጥ እምብዛም አይጻፍምና።

የፍለጋው ቃል በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። ጤፍ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች በአንድም በሁለትም «ኤፍ» ይጻፋል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ደግሞ ኤራግሮስቲስ ቴፍ ነው። ሦስቱን «ወይም» በሚለው የፍለጋ ማያያዣ አጣምሮ፣ ከብረት ጋር «እና» በሚለው ማገናኘት አንዱን ብቻ ከመጻፍ ይበልጥ ብዙ ጽሑፍ ያመጣል። ፐብሜድ በተጨማሪ ሜሽ የተባለ የራሱ የርዕስ ቃላት መዝገብ አለው፤ ጽሑፎች በእሱ መሠረት ስለሚመደቡ ደራሲው የተጠቀመው ቃል ቢለያይም ርዕሱ አይጠፋም።

እንዲህ የፈለገ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል በወጣው የበስራትና የባልደረቦቻቸው ጥናት ላይ ይደርሳል፤ ርዕሱም የጤፍን የብረት ይዘት በጥብቅ ስለመመርመር ነው። የጥናቱ ነጥብ የልዩነቱን ቁልፍ ይዟል፦ እህሉ በሚገባ ሲጠራና ሲታጠብ የብረቱ መጠን እጅግ ይቀንሳል፤ ከፍተኛ ከተባለው ብረት ብዙው የመጣው ከአፈር ነው። ምክንያቱ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ጤፍ በአውድማ ላይ በከብት እግር ይወቃል፤ ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑም ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ገጽ ስላለው አፈሩ በቀላሉ ይጣበቀዋል። የአሜሪካው ቁጥር ዝቅ ያለው፣ የአንዳንድ ኢትዮጵያዊ ናሙናዎች ቁጥር የናረው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ይህ ትልቅ መንገድ ይከፍታል።

አንድ ጥሩ ጽሑፍ ሲገኝ ፍለጋው በሁለት አቅጣጫ ይቀጥላል። ወደ ኋላ፣ ጽሑፉ የጠቀሳቸውን ምንጮች በመከተል እ.ኤ.አ. በ1968 ይንግቬ ሆፍቫንደር በኢትዮጵያ ስለ ከፍተኛ የብረት አወሳሰድና ስለ ደም ሁኔታ ወዳሳተሙት ሰፊ ጥናት ይደረሳል። ወደ ፊት፣ ጽሑፉን በኋላ እነማን እንደጠቀሱት በማየት ወደ ቅርብ ጊዜ ሥራዎች ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ኒውትሪሽን የወጣ ጥናት ከአፈር የመጣ ብረት ደም ማነስ ባለባቸው አይጦች የሄሞግሎቢን መመለስ ላይ አስተዋጽኦ እንዳለው አሳይቷል። የአፈሩ ብረት ፈጽሞ ከንቱ ነው የሚለው ድምዳሜ በዚህ ይናጋል። አይጥ ግን ሰው አይደለም፤ አይጦች ከእህል የሚያገኙትን ብረት ከሰው በተሻለ ይወስዳሉ፤ ውጤቱም በዚያ ልክ መያዝ አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ሰውነት የሚወስደው መጠን፣ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ሊመልሰው የማይችል ነው። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ውሁድ ብረትን ይዞ እንዳይዋጥ ያደርጋል። ቡኮው በእርሾ ሲቦካ ከፋይቴቱ ከፊሉ ይፈርሳል፤ ስንቱ እንደሚፈርስ እንደ ቡኮው ቆይታና እንደ እርሾው ዓይነት ይለያያል። ቫይታሚን ሲ መዋጡን ያግዛል። ቡናና ሻይ በአንጻሩ ይቀንሱታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካን ጆርናል ኦፍ ክሊኒካል ኒውትሪሽን የወጣው የሞርክ፣ የሊንችና የኩክ ጥናት አንድ ስኒ ቡና ከሃምበርገር ምግብ የሚወሰደውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ መዝግቧል። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ቅነሳ አልታየም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን አብሮ የተጠጣ ያህል ቀነሰ። ከምሳ በኋላ ቡና ለሚፈላበት ቤት ይህ በቀጥታ የሚመለከት ግኝት ነው። ሆኖም የተለካው በሃምበርገር ላይ ነው፤ 39 በመቶ የሚለውን ቁጥር ወደ ሽሮና እንጀራ እንዳለ ማዛወር አይቻልም።

የጥናቱን ዓይነት መለየት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በስርዓተ ምግብ ምርምር ከዚህ ይበልጥ ዋጋ ያስከፈለ ጉዳይ ጥቂት ነው። ቤታ ካሮቲን የተባለው ንጥረ ነገር ያለባቸውን አትክልቶች አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የሚያዙት ያነሰ መሆኑ በክትትል ጥናቶች ታይቶ ነበር። ሐሳቡን ለመፈተን በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች በዕጣ ተመድበው ሲጠኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ውጤት ተቃራኒውን አሳየ፦ ቤታ ካሮቲኑን በክኒን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዛቸው መጠን በ18 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። አትክልት የሚበላ ሰው በሌላም ነገር ከማይበላው ይለያል፤ በዕጣ መመደብ የሚያስወግደው ይህን ልዩነት ነው። ስለዚህ አንድ ጥናት ሲነበብ ተሳታፊዎቹ እንዴት እንደተመረጡ፣ ስንት እንደሆኑና ገንዘቡን ማን እንደሰጠ ከድምዳሜው በፊት መታየት አለበት። ብዙ ሙከራዎችን በአንድነት የሚመዝኑት የኮክሬን ስልታዊ ግምገማዎችም እዚህ ላይ ጊዜ ይቆጥባሉ።

ለሦስተኛው ጥያቄ የአገር አቀፍ ዳሰሳዎች አሉ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ውስጥ ደም ማነስ የተገኘባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 27 በመቶ፣ በ2011 17 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 24 በመቶ ነበሩ። ቁጥሮቹ የሄሞግሎቢን ልኬት እንጂ የብረት ልኬት አይደሉም። ወባ፣ የአንጀት ትላትል፣ የፎሌትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ደም ያሳንሳሉ። ከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ በተፈጥሮ ስለሚጨምር ልኬቱ በከፍታው መጠን ይስተካከላል። ይህን ሳያገናዝቡ ጤፍ የሚበላውንና የማይበላውን አካባቢ በደም ማነስ ብቻ ማወዳደር የደጋና የቆላ ልዩነትን በእህል ስም መመዝገብ ነው።

በዩኒቨርሲቲዎች የተከማቹ የመመረቂያ ጽሑፎችም ሊዘለሉ አይገባም። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ወቅት የተሰበሰበ የአመጋገብ መረጃ ብዙ ጊዜ ከእነሱ በቀር የትም አይገኝም። በጆርናል እንደወጣ ሥራ በገለልተኛ ገምጋሚዎች ስላላለፉ ግን ዘዴያቸው በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የአገር ውስጥ ሰነድ ቀኑ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከተጻፈ ከውጭው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለው፣ የትኛው እንደሆነ አብሮ መጻፍ ግድ ነው።

ማስታወሻ አያያዙ ከፍለጋው ጋር አብሮ ይሄዳል። የትኛው ቋት፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኞቹ ቃላት እንደተፈለገ ይመዘገባል። ከጽሑፍ የሚገለበጥ እያንዳንዱ ቁጥር ጤፉ ከየት እንደመጣ፣ ታጥቦ እንደሆነ፣ ጥሬ ይሁን ዱቄት ወይም እንጀራ፣ በደረቅ ይሁን በእርጥብ ክብደት እንደተሰላ፣ መለኪያውና ገጹ ተጽፎበት ይያዛል። ዞቴሮን የመሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች የምንጮቹን ዝርዝር በሥርዓት ያስቀምጣሉ፤ ናሙናው ስለመታጠቡ ግን አንባቢው ራሱ ካልጻፈው በቀር የትኛውም ፕሮግራም አይመዘግብለትም።