በቆሎ በሚያብብበት ወቅት ድርቅና ሙቀት ሲጣመሩ

ቁመናው ያማረ በቆሎ ሁሉ ጎተራ ይሞላል ማለት አይደለም። በስምጥ ሸለቆና በሌሎች ዝናብ አጠር አካባቢዎች አገዳው ወፍራም፣ ቅጠሉም ሰፊ ሆኖ ሳለ ሽፋኑ ሲገለጥ እዚህም እዚያም ጥቂት ፍሬ ብቻ የያዘ ቆረቆንዳ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በዚህን ጊዜ ገበሬው ዘሩን፣ ማኅበሩም ዘሩን ያቀረበውን ወገን ይወቅሳል። ነገሩ ሳይጣራ ለከርሞ ዘር ቢለወጥ ግን ገንዘቡ ወጥቶ ችግሩ ባለበት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ጉዳቱ መቼና እንዴት እንደደረሰ ለይቶ ማስረዳት ይገባዋል።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

በቆሎ የወንዴ አበባውን በአናቱ፣ የሴቴ አበባውን በአገዳው ወገብ ላይ ያወጣል። ከሽፋኑ ጫፍ ብቅ የሚለው እያንዳንዱ ፀጉር የአንዲት ፍሬ መንገድ ነው፤ ብናኝ ካልደረሰው ፍሬዋ አትያዝም። ፀጉሩ የሚረዝመው በውሃ ኃይል ስለሆነ እርጥበት ሲያጥር ዘግይቶ ይወጣል። የወንዴው አበባ ግን ያን ያህል ስለማይዘገይ ፀጉሩ ብቅ ሲል ብናኙ ተበትኖ አልቆ ይገኛል።

ሙቀት ደግሞ ብናኙን ራሱን ይጎዳል። ብናኝ ከአበባው ከወጣ በኋላ በሕይወት የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍና አየሩ ሲደርቅ ቶሎ ይሞታል።

ሁለቱ ሲጣመሩ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ተክሉ ውሃ ሲያጥረው በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ራሱን የሚያቀዘቅዘው ግን በእነዚሁ ቀዳዳዎች በሚያስወጣው ተን ነው። እንግዲህ ከድርቅ ለመዳን በሩን ሲዘጋ ለሙቀት ይጋለጣል ማለት ነው። ምግብ መሥራቱም ስለሚቀንስ፣ ተይዘው የነበሩ ፍሬዎች ሳይቀሩ ይጨነግፋሉ።

በአፍሪካ ከተካሄዱ ከ20,000 በላይ የበቆሎ ሙከራዎች ተጠናቅሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ይህንኑ ያረጋግጣል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በ1 ዲግሪ በልጦ አንድ ቀን በቆየ ቁጥር ምርቱ ዝናብ በበቃው ማሳ በ1 በመቶ፣ ድርቅ ባገኘው ማሳ ግን በ1.7 በመቶ ቀንሷል።

በማሳ ላይ እንዴት ይለያል?

ፀጉሩ ከወጣ ከሳምንት በኋላ ከተለያዩ የማሳው ክፍሎች ጥቂት እሸቶችን ቆርጦ፣ ፀጉሩ እንዳይበጠስ ሽፋኑን በጥንቃቄ ገልጦ ማራገፍ ነው። ፍሬ የያዘው ፀጉር ይረግፋል፤ ብናኝ ያላገኘው እንደተያያዘ ይቀራል። በኋላ በጫፉ ላይ ጭምድድ ያሉ ትናንሽ ፍሬዎች ቢታዩ፣ ፍሬዎቹ ከተያዙ በኋላ መጨንገፋቸውን ያመለክታል። ፀጉሩን ተባይ በልቶት እንደሆነም መመልከት ያሻል።

ያንኑ ዘር በሌላ ቀን የዘራ ጎረቤት ካለ የሁለቱን ማሳዎች ምርት ማስተያየት ይጠቅማል። የአንዱ ሞልቶ የሌላው ባዶ ከሆነ፣ ከዘሩ ይልቅ የሚያብብበትን ጊዜ መመርመር ይቀድማል።

ምን ማድረግ ይገባል?

1. በቆሎ ከማበቡ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታትና ካበበ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውሃ ማጣት የለበትም። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ የመስኖ ውሃ ካለ፣ የወንዴው አበባ ሊወጣ ሲቃረብ ማጠጣት ይመረጣል።

2. በመስመሮቹ መካከል ቦይ አውጥቶ፣ ቦዩን በየተወሰነ ርቀት በአፈር መገደብ የዝናቡን ውሃ በማሳው ውስጥ ያስቀራል። ይህ ሥራ ዝናቡ ሳይቋረጥ መከናወን አለበት።

3. አረም ውሃን ስለሚሻማ በቆሎው ከማበቡ አስቀድሞ መታረም አለበት።

4. ዝናቡ ቶሎ በሚያቆምበት ሥፍራ እንደ መልካሳ-1 ያሉ ቀድመው የሚደርሱ ዝርያዎችን መዝራት ተክሉ ድርቁ ሳይደርስበት እንዲያብብ ይረዳል። ዝናቡ በተራዘመበት ዓመት ግን ቀድሞ የሚደርሰው ምርቱ ዘግይቶ ከሚደርሰው ሊያንስ እንደሚችል ለገበሬው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

5. የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሬታቸውን ሁሉ በአንድ ቀንና በአንድ ዝርያ ባይሸፍኑ ይመረጣል። የዘር ቀኑና ዝርያው ከተከፋፈለ፣ የአንድ ሳምንት ሐሩር የማኅበሩን ምርት በሙሉ አይወስድም።

የልማት ሠራተኛው የተዘራበትን ቀን፣ የወንዴው አበባና ፀጉሩ የወጡበትን ቀን እንዲሁም ዝናብ ያልጣለባቸውን ቀናት በመዝገብ ቢይዝ፣ ማኅበሩ የከርሞውን ዘር ሲመርጥ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይወስናል።