ምናኔ ያልሆነ መጎሳቆል

በገዳም የሚኖር መናኝ ጨርቁ ቢያድፍና ሰውነቱ ቢከሳ፣ በፈቃዱ የገባበትና ሥርዓት ያለው ተጋድሎ ስለ ሆነ፣ ራሱን ጣለ የሚለው የለም፤ ገላውን መታጠብ፣ ጥፍሩን መቁረጥ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መዋጥ ቀስ በቀስ የተወ አረጋዊ ግን ሳይታወቀው ከሥርዓት የወጣ ነውና፣ ነገሩ ከምናኔ ጋር ሊምታታ አይገባም። ሐኪሙ ክላርክና ባልደረቦቹ በ1975 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት፣ እንዲህ ተጎሳቁለው ሆስፒታል ስለገቡ 30 አረጋውያን ሲጽፉ፣ ሁኔታውን በቀን ፋኖስ ይዞ ሰው ይፈልግ ነበር በሚባለው በዲዮጋን ስም ጠሩት፤ ድኽነትን መርጦ ለኖረ ፈላስፋ ይህ ግፍ ይመስለኛል። ከሠላሳዎቹ እኩሌቶቹ የአእምሮ ሕመም አልተገኘባቸውምና፣ ምክንያቱን በአእምሮ ሐኪም ዘንድ ብቻ መፈለግ አይበቃም።

እንዲህ ላለው መጎሳቆል ከሚጋለጡት አንዱን በሶማሌላንድ ዋና ከተማ እንመልከት፤ የዛሬው የሐርጌሳ አረጋዊ፣ ከተማው በ1988 እ.ኤ.አ. በሶማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ሲደበደብ ያየ፣ ምናልባትም ድንበር ተሻግሮ በኢትዮጵያ በሀርትሼክ የስደተኞች መጠለያ የከረመ፣ ልጆቹ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የተበተኑበት ሰው ነው። ሐዋላው ይደርሰዋል፤ ሐዋላ ግን ጥፍር አይቆርጥም። ይህን ሰው በየቀኑ ወደ ውኃ የሚመልሰው ሃይማኖቱ ነው፤ አምስት ጊዜ ለሚሰግደው ስግደት አፉን ይጉመጠመጣል፣ ፊቱን፣ እጁን እስከ ክርኑ፣ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠባል፣ ልብሱና የሚሰግድበት ቦታም ንጹሕ መሆን አለበት። እንግዲህ ውዱእ የሚባለው የዚህ መታጠብ ማንቆርቆሪያው ደርቆ ጥግ ይዞ ሲታይ፣ ከመስጊድ ሰልፍም ቦታው ባዶ ሲሆን፣ ጎረቤት ሰነፈ ብሎ ማለፍ አይገባውም።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኀፍረት ነው። ሽንቱን መቋጠር ያቃተው ሽማግሌ ራሱን እንደ ርኩስ ቆጥሮ ከጸሎት ይሸሻል፤ ከጸሎት ሲሸሽ መታጠቡም፣ ከሰው መገናኘቱም አብረው ይቀራሉ። ሐኪም ስኳሩንና የሽንት ቧንቧውን ይመርምር፤ ሼኹም፣ ሽንት የማይቋጠርለት ሰው ለየስግደቱ ጊዜ አዲስ ውዱእ አድርጎ እንደሚሰግድ፣ መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ ውኃ የሚጎዳው በንጹሕ አፈር ተየሙም አድርጎ መስገድ እንደሚችል ቤቱ ድረስ ሄዶ ይንገረው፤ በኛ አገር የነፍስ አባት የታመመ ልጁን ሊጠይቅ እንደሚሄደው ሁሉ።

የተገላቢጦሹም አለ፤ እምነቱ ጸንቶ ሥጋውን የሚጎዳ። ስኳር ያለበት አረጋዊ ሐኪም ከልክሎት ሳለ ረመዳንን ልጹም ሲል፣ ለዕርጅና ወይም ለማይድን ሕመም በየቀኑ አንድ ድኻ ማብላት በጾሙ ፋንታ እንደሚቆም ልጁ በስልክ ቢነግረው አይሰማም፤ ያንኑ ቃል ከሼኹ አፍ ሲሰማው ግን መድኃኒቱን ከምሳው ጋር ይወስዳል።