አንዱን ኮምፒዩተር ለብዙ ያካፈለ ኩባንያ

አንዱን የመማሪያ ክፍል የጧትና የከሰዓት ተማሪዎች በፈረቃ ሲገለገሉበት ሁለቱም «የእኛ ክፍል» ይሉታል፤ የሚያደላድለው ግን ርእሰ መምህሩ ነው። በኮምፒዩተርም ይህን የመሰለ አሠራር አለ። አንድ ኮምፒዩተር በሶፍትዌር አማካይነት ለብዙ ይከፈልና እያንዳንዱ ክፋይ ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር መስሎ ይሠራል። ክፋዩ ቨርቹዋል ማሽን፣ አደላዳዩ ሶፍትዌር ደግሞ ሃይፐርቫይዘር ይባላል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አይቢኤም በ1960ዎቹ በትልልቅ ኮምፒዩተሮቹ ላይ ሠርቶበታል፤ በ1972ም ቪኤም/370 የተባለውን አውጥቷል። ኮምፒዩተር እየረከሰ ሲሄድ ግን መካፈሉ አላስፈላጊ መሰለ። ከዚህም የተነሣ በ1990ዎቹ መሥሪያ ቤቶች ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ሰርቨር እየገዙ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ያስቀምጡት ነበር።

በካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሜንደል ሮዘንብለም ከተማሪዎቹ ከኤድዋርድ ቡንዮንና ከስኮት ዴቫይን ጋር አሮጌውን ሐሳብ እንደገና አነሣው። በ1998 ከዳያን ግሪንና ከኤድዋርድ ዋንግ ጋር ሆነው ቪኤምዌርን አቋቋሙ። የሮዘንብለም ባለቤት የነበረችው ግሪን የኩባንያው መሪ ሆነች።

ትልቁ እንቅፋት ፕሮሰሰሩ ነበር። አንድ ቨርቹዋል ማሽን ሌሎቹን የሚነካ ትእዛዝ ሲሰጥ ፕሮሰሰሩ ትእዛዙን ገትቶ ጉዳዩን ወደ አደላዳዩ መምራት አለበት። በኤክስ86 ፕሮሰሰሮች ላይ ግን አንዳንድ ትእዛዞች ሳይገቱ በዝምታ ያልፉና የተሳሳተ ውጤት ይሰጡ ነበር፤ ተማሪ በጓሮ በር ሲወጣ ርእሰ መምህሩ እንደማያየው ማለት ነው። የቪኤምዌር መላ፣ ትእዛዞቹን ከመፈጸማቸው በፊት እያነበቡ አስቸጋሪዎቹን ጉዳት በሌላቸው መተካት ነበር። የተጠቃሚው ፕሮግራሞች ትእዛዝ አብዛኛው ሳይነካ በቀጥታ ስለሚሠራ ፍጥነቱ እምብዛም አልተጓደለም። በእኔ አስተያየት የኩባንያው እውነተኛ ሀብት ይህ ብልሃት ነበር።

በ1999 ለግል ኮምፒዩተር የሚሆነው ወርክስቴሽን፣ በ2001 ለሰርቨር የሚሆነው ኢኤስኤክስ ለገበያ ቀረቡ። በ2003 የወጣው ቪሞሽን ደግሞ እየሠራ ያለን ቨርቹዋል ማሽን ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ያዛውራል። መምህሩ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ክፍሉ ከነተማሪዎቹ ወደ ሌላ ሕንፃ እንደ መሄድ ያህል ነው፤ ሰምቶ ያላመነ ቢኖር አይፈረድበትም።

ከዚህ በኋላ ባለቤቱ ተለዋወጠ። በጥር 2004 ኢኤምሲ በ635 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በነሐሴ 2007 ከአክሲዮኑ ጥቂቱ በኒው ዮርክ ገበያ በ29 ዶላር ቀርቦ የዚያኑ ዕለት 51 ዶላር ደረሰ። ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2008፣ የዲሬክተሮች ቦርድ ግሪንን ከሥልጣን አነሣ፤ ሮዘንብለምም በዚያው ዓመት ለቀቀ። በ2016 ዴል ኢኤምሲን ሲገዛ ቪኤምዌርም አብሮ ተላለፈ፤ በ2021 ተለይቶ ወጣ። በኅዳር 2023 ብሮድኮም ጠቀለለው። በ2022 የተስማሙበት ዋጋ 61 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ ከ2004ቱ ጋር ሲነጻጸር ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል።

ደንበኞች የባለቤትን መለዋወጥ ምንነት የተረዱት ያን ጊዜ ነው። ብሮድኮም በታኅሣሥ 2023 ለዘለቄታው የሚገዛውን ፈቃድ መሸጥ አቁሞ በየጊዜው በሚከፈል ኪራይ ተካው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ወጪያቸው መናሩን ተናገሩ። ከብረቱ ሣጥን ያላቀቃቸው ሶፍትዌር በራሱ አስሯቸው ተገኘ፤ በአንድ ሃይፐርቫይዘር ላይ የተደራጀን ሥራ ወደ ሌላ ማዛወር ወራት የሚፈጅ ድካም ነውና።

ሌላ ምርጫ ግን አልጠፋም። ከ2005 ጀምሮ ኢንቴል፣ በ2006ም ኤኤምዲ ያን አስቸጋሪ ጉድለት በፕሮሰሰሩ በራሱ ላይ አረሙት። በዚህም መሠረት ኬቪኤም የተባለው ሃይፐርቫይዘር በ2007 በነፃ ከሚገኘው ከሊኑክስ ጋር ተዋሐደ። ቪኤምዌርን ለትምህርት መሞከር ለሚሻም፣ የኩባንያው የመጀመሪያ ምርት ወርክስቴሽን በኅዳር 2024 ለሁሉም በነፃ ተለቋል።