ቆሮሶን በቤት ውስጥ ስለ ማርባት

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል። እኔ በመጎርጎሬ ያወጣሁት ዘንዶ ሳይሆን ጸጸት ነው። ክቡራን አንባቢዎች፥ ይህን አጭር ጽሑፍ የማቀርብላችሁም ከእኔ ስሕተት ትማሩበት ዘንድ ነው።

በሐዋሳ ሐይቅ የሚገኘውን ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ተጠብሶ ወይም ሾርባ ሆኖ ሲቀርብ ሁላችንም እናውቀዋለን። እንዴት እንደሚራባ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ይህን በዐይኔ ለማየት ስለ ጓጓሁ፥ በ2016 ዓ.ም. አባቴን ለምኜ የመስተዋት ገንዳ አሠራሁ። ርዝመቱ 1 ሜትር፥ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር፥ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፥ ጢም ብሎ ሲሞላ 200 ሊትር ይይዛል። ከዚያም ከአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች ትንንሽ ቆሮሶዎችን በሕይወታቸው ገዛሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው የውሃው ነገር ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስለሚጨመርበት፥ ክዳን በሌለው በርሜል ቢያንስ አንድ ቀን ማሳደር ያሻል። ሁለተኛም ከዓሣው ቆሻሻ አሞንያ የተባለ መርዝ ይወጣል። በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ ደረጃ በደረጃ ለውጠው ጉዳቱን ያቀሉታል፤ እነርሱ እስኪበዙ ግን ጥቂት ሳምንታት ያልፋሉ። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ብዙ ዓሣ ማጨቅ አይገባም፤ በየሳምንቱም የውሃውን ሩብ መለወጥ መልካም ነው። ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ቆሮሶ በደንብ ይራባል፤ ከ20 በታች ሲሆን መራባቱን ይተዋል። መብራት ጠፍቶ የአየር መንፊያው ቢቆም፥ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል።

ወንዱን ከሴቷ ለመለየት ዓሣውን በእርጥብ እጅ ይዞ ሆዱን መመልከት ነው። ወንዱ ከፊንጢጣው ቀጥሎ አንድ ቀዳዳ ብቻ ሲኖረው፥ ሴቷ ሁለት አላት። እኔ አንድ ወንድና ሦስት ሴቶች አስቀርቼ፥ የስንዴ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እየመገብሁ አሳደግኋቸው።

ከአምስት ወር በኋላ ወንዱ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ እንደ ሳሕን የጎደጎደ ጎጆ ሠራ። ከሴቶቹም አንዲቱ በዚያ እንቁላሏን ጣለች፤ ወዲያውም በአፏ ለቀመችው። እናቴ ይህን አይታ፥ «ልጆቿን የምትበላ እናት በቤቴ አትኖርም፤ ነገውኑ ከመጥበሻ ትገባለች!» ብላ ተቈጣች። እኔም ዓሣዋ ከዚያ ወዲያ ምግብ እንቢ ስላለችና ጉሮሮዋ ስላበጠ፥ ታመመች ብዬ በመረብ አወጣኋት። በዚህ ጊዜ ከአፏ ቢጫ ቢጫ እንቁላል እየተፋች ከመረቡ ላይ በተነችው። ከመረቡ ሾልኮ የወደቀውን ሌሎቹ ዓሣዎች ለቃቅመው በሉት፤ የቀረውም ከንቱ ሆነ።

ነገሩን ለባዮሎጂ መምህራችን ባወራሁላቸው ጊዜ ምሥጢሩን አስረዱኝ። ለካስ ቆሮሶ እንቁላሏን የምትይዘው ልትጠብቀው ኖሯል! ወንዱ ዘሩን ከረጨበት በኋላ እናትየው አፏ ውስጥ ሆኖ አየር እንዲያገኝ ታገላብጠዋለች፤ እስኪፈለፈልም ድረስ ጾሟን ትውላለች። በሞቀ ውሃ ጫጩቶቹ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላሉ፤ ከዚያም የያዙትን አስኳል እስኪጨርሱ ድረስ በእናታቸው አፍ ይቆያሉ። ይህ ጠባይ የቆሮሶ ብቻ አይደለም። በእስያ ከሚገኙት፥ ራሳቸው የእባብ ራስ ስለሚመስል በዚሁ ስም ከሚጠሩት ዓሣዎች አንዳንዶቹም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ በእነርሱ ዘንድ ግን እንቁላሉን በአፉ የሚሸከመው አባትየው ነው።

እናቴን ለምኜ አንድ ጊዜ ብቻ እንድሞክር ተፈቀደልኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያችው ዓሣ እንደገና እንቁላሏን በአፏ ያዘች። በዚህ ጊዜ እርሷን ሳልነካ ሌሎቹን በቀስታ ወደ በርሜል አዛወርሁ፤ መስተዋቱንም በጨርቅ ጋረድሁ። በ11ኛው ቀን ጨርቁን ገለጥ ባደርግ፥ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ጫጩቶች በራሷ ዙሪያ ይርመሰመሳሉ። እናቴን ጠራኋት። ጥላችን በመስተዋቱ ላይ ሲያርፍ ጫጩቶቹ ደንግጠው ተሽቀዳድመው ወደ እናታቸው አፍ ገቡ፤ እርሷም አፏን ገጠመች። እናቴ ለረዥም ጊዜ ዝም ብላ ከተመለከተች በኋላ፥ «በከንቱ ነው ያማኋት» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል አድቅቃ በጥቂት በጥቂቱ የምትመግባቸው እርሷ ናት።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ዓሣ ለማርባት ብትነሡ ውሃውን በትጋት አዘጋጁ፤ እናትየዋ አፏን በዘጋች ጊዜ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። የቀረውን ሥራ እርሷ ከእኛ ይልቅ ታውቀዋለች።