ተጨማሪ መረጃ፦ ፈሳሾች በረቂቅ ቦይ ውስጥ እንዴት ይደባለቃሉ?

ስፋቱ 100 ማይክሮሜትር በሆነ ቦይ ውስጥ ሁለት የውሃ ጅረቶች በሰከንድ 1 ሴንቲሜትር ጎን ለጎን ቢፈስሱ የሬይኖልድስ ቁጥራቸው፣ ማለትም የፈሳሹ ኢነርሺያ ከውስጣዊ ሰበቃው ጋር ያለው ጥምርታ፣ 1 ገደማ ነው፤ የውሃው ውስጣዊ ሰበቃ መናወጥን ስለሚያፍን መደባለቁ ለዲፍዩዥን፣ ማለትም ለሞለኪውሎች በራሳቸው መሰራጨት፣ ይተዋል። «ቦዩ ጠባብ ከሆነ ይህ ፈጣን አይደለም ወይ?» ሊባል ይችላል። ትናንሽ ሞለኪውሎች ስፋቱን በ5 ሰከንድ ገደማ ማቋረጣቸው እውነት ነው፤ ያ ግን 5 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቦይ ይጠይቃል፤ ፕሮቲኖች ደግሞ አሥር እጥፍ ያህል ይዘገያሉ። ፈሳሹን ማፍጠንም የሚያስፈልገውን ርዝመት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ተመራማሪው አብርሃም ስትሩክና ባልደረቦቹ በ2002 ያቀረቡት መፍትሔ ስለዚህ እጅግ ብልህ ነው፦ በቦዩ ወለል ላይ ሰያፍ ጎድጓዳ መስመሮችን ቀርጸው ፈሳሹ እንደሚታሽ ሊጥ ደጋግሞ እንዲታጠፍና እንዲለጠጥ አደረጉ። የመሰራጫ ጊዜ በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚለዋወጥ፣ በመታጠፉ የሚፈጠረው የፈሳሹ ንብርብር አሥር ጊዜ ሲቀጥን ጊዜው መቶ ጊዜ ያጥራል።