ከዌስትፋሊያ በፊት ከምባታ

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመለስ ሁለት ኮርሶች አብረው መጡ፤ «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ» እና ተማሪው አሳጥሮ «ግሎባል» የሚለው «ግሎባል ትሬንድስ»። የፊተኛው ገና በረቂቁ ምሁሩንም ፖለቲከኛውንም አነታረከ፤ ማን ገነነ፣ ማን ተዘለለ ተባለ። የኋለኛውን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። እኔን የሚከነክነኝ ይኸኛው ነው።

ሞጁሉ የዘመናዊ መንግሥታትን ግንኙነት ከ1648ቱ (እ.ኤ.አ.) የዌስትፋሊያ ስምምነት ያነሳል፤ ከዚያ ወደ ዲፕሎማሲ፣ ወደ ዓለም አቀፍ ኢኮኖሚ፣ ወደ ግሎባላይዜሽን ይሻገራል። ሆሳዕና በሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ወይም በዱራሜ ካምፓሱ የተመደበ ፍሬሽማን ይህን ሲያነብ ዓለም አውሮፓ ውስጥ ተሠርታ፣ ኋላ ላይ እዚህ የደረሰች ቢመስለው አይፈረድበትም።

እስቲ 35 ዓመት ወደ ኋላ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1613 የዐፄ ሱስንዮስ መልእክተኛ ፍቁረ እግዚእ ከኢየሱሳዊው ቄስ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ ጋር ከጎጃም ተነሣ። ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ በኩል ማሊንዲ ወርደው፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ስፔን ንጉሥና ወደ ሮም ሊሻገሩ ነበር። እናርያን፣ ጊቤን፣ የም የተባለውን አገር አልፈው ከምባታ ገቡ። የአገሩ ገዥ ሐመልማል ነበር። መንገዱ ግን አላባ ላይ ተዘጋ፤ ወሬ ቀድሟቸው ኖሮ፣ የፖርቱጋል ወታደር ሊያመጡ ነው ተብለው ተጠረጠሩና ታግተው ወደ መጡበት ተመለሱ። የማድሪድን ጉዳይ አላባ ላይ ያስቀረ አንድ የአካባቢ ሹም ነው። የዲፕሎማሲው ምዕራፍ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ያመጣል?

ሐድያም ከዚህ ቀደም ብሎ በዓለም መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የሐድያው ገራድ (ገዥ) ልጅ እሌኒ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆና፣ በስተርጅና ለሕፃኑ ልብነ ድንግል አገር ስታስተዳድር አርመናዊውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ላከች። ሰውየው በሕንድ ጎዋ ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1514 ሊዝበን ገባ። በ1520 የመጣው የፖርቱጋል ልዑክ የዚያ መልስ ነው።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ሆኖ የሰማውን የጻፈው አል-ዑመሪ ደግሞ ሐድያ ሐኩና በሚባል የብረት ቁራጭ እንደሚገበያይ ይነግረናል። እዚያው ላይ የሚከብድ ነገር አለ፦ ዋሽሉ በሚባል ቦታ የሚሰለቡ ባሮች ቁስላቸው እንዲድን ወደ ሐድያ ይወሰዱ ነበር፤ ሕክምናውን የሚያውቀው የሐድያ ሰው ነው ይላል። እሌኒን አንሥቶ ይህን የሚዘል መምህር ግማሹን ታሪክ ብቻ ነው ያስተማረው። የባሪያ ንግድ የሐድያን ስም ካይሮ ድረስ ካደረሱት ነገሮች አንዱ ነውና።

ታዲያ ይህ ሁሉ ክፍል ውስጥ ለምን አይገባም? አንደኛው ምክንያት መጽሐፍ ነው። ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ስለ ሐድያ ታሪክ የጻፈው ትልቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 በጀርመንኛ ወጥቶ በእንግሊዝኛ የታተመው ገና እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሌላው የሞጁሉ አሠራር ነው። ለአገሪቱ በሙሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ መምህሩ ከሚድ ፈተና በፊት ምዕራፎቹን ለማዳረስ ይሯሯጣል። የፊተኛው ኮርስ ላይ የተጣላነው በድርሻ ነበር፤ ለማን ስንት ገጽ ይሰጠው በሚል። ለሐድያ ሁለት ገጽ ቢጨመርለት ግን ከጎረቤቱ ጋር የተዋጋ ግዛት ሆኖ ይቀራል እንጂ ጎዋና ሊዝበን አይታዩበትም።

ለተማሪው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከሆሳዕናና ከዱራሜ ዙሪያ ብዙ ወጣት በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ማላዊን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። ብርድ ልብሱን በዱቤ ለመሸጥ «ሎኬሽን» ወደሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች የሚወጣው፣ ጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ላይ ሱቅ የከፈተው የዚሁ አካባቢ ሰው ነው፤ ቤት የሚሠራውም ከዚያ በሚላክ ገንዘብ ነው። የግሎባላይዜሽንን ትርጉም ከሚሸመድድ፣ ተማሪው የአጎቱን መንገድ ከደላላው ክፍያ እስከ ሱቁ ኪራይ ጠይቆ ጽፎ ቢያመጣ፣ እኔ መምህር ብሆን ከፋይናሉ ነጥብ ግማሹን ለዚያ እይዝለት ነበር።